ባለ ምላሱ

አባቴ ተብታባ ነበር፤ ሰዎች ደግሞ «ባለ ምላሱ» ይሉታል። ሰባት ዓመት ለሞላት ልጅ ሁለቱን ማገናኘት ከባድ አይደለም። መላጣውን «ጎፈሬው»፣ ኮሳሳውን «ወፍሬ» ብሎ መጥራት የለመደ ሰፈር ውስጥ ነው ያደግሁት። ስለዚህ የኔንም አባት በጎደለው ነገር እየጠሩ ያሾፉበታል ብዬ ደመደምኩ። ደምድሜም አላበቃሁም፤ ያን ስም ከአፉ ባወጣ ሰው ሁሉ ላይ ቂም ያዝኩ። ቂም ሲከሽፍ ደስ እንደሚል ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አባቴን ከፊደል ሁሉ የምታስቸግረው «መ» ነበረች። ሌላውን ቃል ገፋ ገፋ አድርጎ ያወጣዋል፤ «መ» ላይ ሲደርስ ግን ከንፈሩ ይገጥምና አልከፈት ይላል። እስቲ ይታያችሁ። ሥራው መካኒክ ነው። የሚጠግነው ማሽንና ሞተር ነው። የዕቃ ሳጥኑን ሲከፍት ያለው መዶሻ፣ መፍቻ፣ መጋዝ፣ መሰርሰሪያና ምስማር ነው። ካለው ሙያ ሁሉ መርጦ እዚያ መሀል መግባቱ የእግዜር ቀልድ ይመስለኛል። እናቴ አንዳንዴ «ገበሬ ብትሆን ይሻልህ ነበር» ትለውና ትንሽ አስባ «ለካ ማረሻም አለ» ብላ ትስቃለች። እሱም አብሯት ይስቃል።

ስለዚህ አባቴ መሣሪያውን በስም አይጠራም። እጁን ይዘረጋል። ጡጫ ከሆነ መዶሻ፣ ሁለት ጣቱን ካጠፈ መፍቻ፣ መዳፉን ወደፊትና ወደኋላ ካመላለሰ መጋዝ ነው። ቤት ውስጥ የተሰበረ ወንበር ሲጠግን አጠገቡ ቁጭ ብዬ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ፊደል ከመቁጠሬ በፊት የአባቴን እጅ ማንበብ ችዬ ነበር።

አባቴና እናቴ የሚሠሩት አንድ ቦታ፣ ከተማው ዳር ያለው የጡብ ፋብሪካ ውስጥ ነው። አባቴ ጥገና ክፍል፣ እናቴ ቀበቶው ሥር። «ቀበቶው» የሚሉት ጭቃው ከሚቆፈርበት ጉድጓድ እስከ ጡብ መጭመቂያው ድረስ የተዘረጋውን ሰፊና ረጅም የጎማ ምንጣፍ ነው። ሮለር በሚባሉ ተሽከርካሪ ብረቶች ላይ ቀኑን ሙሉ ይዞራል። እርጥቡን ጭቃ በጀርባው ተሸክሞ ሽቅብ ይወጣል፣ መጭመቂያው አፍ ላይ ይዘረግፈዋል፣ ከዚያ ተገልብጦ በሥር በኩል ባዶውን ይመለሳል። ባዶውን የሚባለው እንኳ ለአፍ ያህል ነው። ግማሹ ጭቃ እንደ ሊጥ ተለጥፎበት ይመለስና ከታች ያሉት ሮለሮች ላይ ይደርቃል። ሮለሩ ጎርበጥባጣ ሲሆን ቀበቶው ወደ ጎን ይሸሻል፤ ጠርዙም ይበጣጠሳል። አቁመው እንዳያጸዱት፣ ከቆመ ጭቃው መጭመቂያው ውስጥ ደርቆ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ስለዚህ ሴቶች ሥር ሥሩን ተደርድረው ይቀመጡና እየሮጠ ያለውን ቀበቶ በጠፍጣፋ እንጨት ይፍቁታል። እናቴ አንዷ ናት። ከእጇ እስከ ሮለሩ ያለው ርቀት ከስንዝር አይበልጥም ነበር።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ቀበቶ የአባቴን ሱሪ የሚይዘውን ብቻ ነው። የጎረቤታችን ቀኝ እጅ ሁለት ጣት እንደጎደለው አይቼ ምን ሆና ነው ብዬ ብጠይቅ፣ እናቴ «ቀበቶ በልቶት ነው» አለችኝ። አባቷ በቀበቶ ገርፈዋት ጣቷ የረገፈ መሰለኝና ለተወሰኑ ቀናት እንደኔ ያለ ጨዋ ልጅ ጠፋ። ጸባዬ በምን እንዳማረ እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ይህችን ጎረቤታችንን ሰው ሁሉ «ሽሙጤ» ይላታል፤ እኔ ፊት ለፊት እትዬ፣ ከኋላዋ እንደ ሰው ሁሉ ሽሙጤ እላታለሁ። ቀበቶው ሥር ከእናቴ ጎን ነው የምትቀመጠው። ማንንም በነገር ሳትነካ የዋለችበት ቀን ካለ ያመማት ቀን ነው። አባቴን «ባለ ምላሱ» ያለችውም እሷ ናት። የቂሜ አንደኛ ተጠሪ ማለት ነው።

አመሻሽ ላይ አባቴና እናቴ አብረው ይመጣሉ። አባቴ ልብሱን ሳይቀይር ጣሳውን ይዞ በረንዳ ላይ ይወጣና እናቴ እጅ ላይ ውኃ ያፈስላታል። ጭቃው እየለቀቀ ሲወርድ ሳፋው ውስጥ ያለው ውኃ ቡኒ ይሆናል። ከዚያ እጇን በፎጣ ያደርቀዋል፤ ወደ ብርሃን አዙሮ ጣቷን አንድ በአንድ ያያል። ያገላብጣል፣ አንጓውን ይጫናል። ሲጨርስ «አለፍሽ» ይላታል። ይህች ቃል አታስቸግረውም፤ ጥርት ብላ ነው የምትወጣው።

እኔ ይህን ነገር አሳምሬ አውቀዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ አስተማሪያችን ጥፍራችንን የምታየው ልክ እንዲህ ነው። የቆሸሸ ይወድቃል፣ የጸዳ ያልፋል። አባቴ የእናቴን ንጽሕና የሚቆጣጠር ስለመሰለኝ አፈርኩላት። ትልቅ ሰው ሆና በየቀኑ ጥፍሯ ሲታይ! ብቻዋን እንዳታፍር ብዬ እኔም እጄን ታጥቤ እዘረጋለሁ። አባቴ የኔንም በዚያው ጥንቃቄ አገላብጦ ያይና «አለፍሽ» ይለኛል። ያን ካልሰማሁ እራቴ አይወርድልኝም ነበር።

አባቴ የሚያየው ጥፍር አልነበረም። ሚስቱ ያን ቀንም ጣቶቿን ሁሉ ይዛ መመለሷን ነው የሚያየው። አብሯት እየመጣ፣ መንገድ ሙሉ እጇ አጠገቡ ሲወዛወዝ እያየ፣ ቤት ደርሶ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በገዛ ዓይኑና በገዛ ጣቱ ካላረጋገጠ እሱም እንደኔ እራቱ አይወርድለትም ነበር። አባቴና እናቴ ስለ ፍቅር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። «አለፍሽ» ሲላት ግን በየቀኑ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ በማደጌ ዕድለኛ ነኝ።

ሽሙጤ ቁስሏ ድኖ ሥራ በጀመረች ሰሞን ፋብሪካው ውስጥ ስብሰባ ተደረገ። ስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቀው አባቴ እጁን አወጣ። የሆነውን እናቴ ማታ ቤት ስታወራው ሰማሁ። ላም ጥጃዋን እንደምትልስ፣ ቀበቶውም ከሥር ሆኖ የሚልሰው ነገር ቢበጅለት ሰው መቀመጥ አያስፈልግም ነበር ሊል የፈለገው። ግን የነገሩ ስም በ«መ» ዘር የሚጀምር ሆነበት። ቆሞ፣ ላብ አጥምቆት፣ «ለ… ለቀበቶው ም… ም… ም…» እያለ ቤቱ ሁሉ ጠበቀው። በመጨረሻ «ምላስ ያስፈልገዋል» አለ። ሽሙጤ ከወደኋላ ሆና «ለቀበቶው ነው ወይስ ለራስህ?» አለችና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለ ምላሱ ሆኖ ቀረ። እናቴ ይህን ስታወራ እንባዋ እስኪወርድ ትስቅ ነበር፤ አባቴም ጎንበስ ብሎ ይስቃል። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። እናቴም ከድታዋለች አልኩ በልቤ።

የፋብሪካው መሐንዲስም አልሳቀም ነበር አሉ። ወጣት ነው፤ ከስብሰባው በኋላ አባቴን ወደ ቢሮው ወስዶ «እስቲ ንገረኝ» አለው። አባቴ እየተናገረ፣ እሱ እየሳለ፣ ቃል ሲያዝ እርሳሱን አስቀምጦ እየጠበቀ አብረው ሠሩት። የመጀመሪያው ምላስ ከብረት ሰሌዳ የተቆረጠ ነበር። ቀበቶው ከሥር ሲመለስ እንዲፍቀው ከዳር እስከ ዳር በብሎን አሰሩት። ጠዋቱን ጥሩ ሠራ፤ ጭቃው እየተላጠ ሲወርድ ሴቶቹ እንጨታቸውን ይዘው ቆመው አዩ። ነገር ግን ቀበቶው ሁለት ጫፎቹ የተገጣጠሙበት ስፌት አለው። ከቀትር በኋላ ከስፌቱ ላይ አንዲት ሽቦ ቀና ብላ ብረቱ አገኛትና ያዛት። ቀበቶው እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተረተረ። ፋብሪካው ቆመ።

የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው ጭንቅላቱን ይዞ ጮኸ ይባላል፤ አልፈርድበትም። ሥራ አስኪያጁ አባቴን ሊያባርረው ሲል መሐንዲሱ «የፈቀድኩት እኔ ነኝ» ብሎ መሀል ገባ። ብዙ ተጨቃጭቀው በመጨረሻ አንድ ዕድል ተሰጣቸው። ቀበቶው ተሰፍቶ ሥራ ሲጀመር ሁለተኛ ይሞክሩ፤ እንደገና ከቀደደ ግን ሁለቱም ይሄዳሉ፣ የምላስም ወሬ አይነሳም። እስከዚያው ሴቶቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱ ተባለ። ስፌቱ ደግሞ ተጠጋግኖ ከበፊቱ የባሰ ጎርባጣ ሆኗል፤ እንጨት ሲይዝ እጅን ጭምር ይዞ ይጎትታል።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አባቴ እንደ ልማዱ እናቴ እጅ ላይ ውኃ ያፈሳል። ሽሙጤ በአጥራችን በኩል ብቅ አለች። ለማጽናናት መምጣቷ ነው፤ ማጽናናትም የምታውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምላስ አጥንት የለውም ሲባል አልሰማህም? ብረት አድርገህ አጥንት አበጀህበት፤ ታዲያ እንዴት አይሰብር?»

አባቴ ቀጥ አለ። ጣሳው በእጁ ላይ እንደዘነበለ ቀረ፤ ውኃው የእናቴን እጅ አልፎ፣ ሳፋውን ሞልቶ በረንዳው ላይ ፈሰሰ። እናቴ ስሙን ጠራችው፤ አልሰማትም። ጣሳውን አስቀመጠና የእናቴን እጅ ሳያደርቅ፣ ጣቷን ሳያይ፣ ወደ ዕቃ ሳጥኑ ሄደ። እራት ቀርቦ ቢጠራ አልመጣም። ያን ቀን እናቴም እኔም አላለፍንም።

ሰደበችው፣ አንጀቱን ቆረጠችው አልኩ። ከዚያ በኋላ ሽሙጤ ደጃችን ስትደርስ ጓዳ እየገባሁ ሰላምታ ነሳኋት። እሷ የሰጠችው ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ አባቴ አርጅቶ፣ እኔም ልጆች ወልጄ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ በእጁም በአፉም ሲያስረዳኝ ነው። ሽሙጤ የነገረችው ብረቱን ትቶ ጎማ እንዲያደርገው ነበር። ከዚያ የቀረውን ግን እሱ ራሱ ያውቀዋል። ምላስ ሲያዝ ምን እንደሚደረግ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቃሉ እምቢ ሲል የገፋው እንደሆነ ይብሳል። ለቀቅ አድርጎ፣ ወደኋላ ብሎ፣ ትንፋሽ ስቦ እንደገና ሲመጣ ያልፋል። ስለዚህ የቀበቶውም ምላስ ስፌቱ ሲመጣ መግፋት የለበትም። ሸሸት ብሎ ማሳለፍ፣ ካለፈ በኋላ መመለስ አለበት። አባቴ ዕድሜ ልኩን ሲያሳፍረው የኖረውን ነገር ለማሽኑ አስተማረው።

እኔ ግን ያኔ የማየው ሌላ ነው። አባቴ ዝም ብሏል። አይበላም። ቀጥሎ ደግሞ የቤታችን ዕቃ መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ በር ላይ የምንቀመጥበት አሮጌ ጎማ ሄደ። ከዚያ እጀታው የተሰበረው የከሰል ካውያችን። አባቴ በጆንያ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞት ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። አብራኝ የምትማር አንዲት ልጅ አባቷ ቤት ጥሎ የሄደው እንዲሁ ዕቃውን አንድ አንድ እያለ ካወጣ በኋላ እንደሆነ ነግራኝ ነበር። አባቴ በስድቡ ምክንያት ጥሎን ሊሄድ ነው አልኩ። ለእናቴ ካውያው ጠፋ ብላት «እንኳን ጠፋ፣ እግሬን ሲሰብረኝ ነው የኖረው» አለችኝ። ነገሩ የገባት ስላልመሰለኝ ራሴ ልከታተለው ወሰንኩ።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስለቀቅ ወደ ቤት መሄዱን ትቼ፣ እነሱ እስኪወጡ ፋብሪካው በር ላይ ባለው የዘበኛው ጎጆ ውስጥ እቆይ ጀመር። አንድ ቀን ጎጆው ውስጥ ያለው ወንበሩ ብቻ ነው፤ ዘበኛው የለም። ሁሉም ሰው ወደ ቀበቶው ሄዷል። ቦርሳዬን አዝዬ ተከተልኳቸው። የሰው እግር መሀል ለመሀል ተሽሎክልኬ ፊት ስደርስ እናቴን አየኋት። ከሴቶቹ ጋር ቆማለች፤ እንጨቷን በሁለት እጇ ይዛለች። አባቴ ቀበቶው ሥር ተንበርክኳል። መሐንዲሱ አጠገቡ አለ።

ቀበቶው ተነሳ። ከሥሩ ጥቁር የጎማ ምላስ ቀና ብሎ ይልሰዋል፤ ጭቃው እየተላጠ ከታች ወዳለው ገንዳ ይወርዳል። ምላሱ የተያዘው በረጅም የብረት ክንድ ነው፤ ክንዱ መሀሉ ላይ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል። በወዲያኛው ጫፉ ላይ አንድ ከባድ ነገር ተንጠልጥሏል።

ስፌቱ ከላይ ሲዞር ታየ። ሰው ሁሉ አንገቱን ከሱ ጋር አዞረ። መጣ፣ ምላሱ ጋ ደረሰ፤ ምላሱ ጎንበስ አለ፣ ከባዱ ነገር ወደ ላይ ብድግ አለ፣ ስፌቱ አለፈ፣ ከባዱ ነገር ተመልሶ ወረደ፣ ምላሱም ቀና ብሎ መላሱን ቀጠለ። «ጓ» የምትል ድምፅ ብቻ ነበረች። ሰው ትንፋሹን ሲለቅ ይሰማል።

«ካውያችን!» አልኩ።

አዎ፣ የተንጠለጠለው እሱ ነበር። አባቴ ወዴትም ሊሄድ አልነበረም። የወሰደው ዕቃ ሁሉ እዚያው፣ እናቴ ከምትቀመጥበት ቦታ ላይ ነው የተሰቀለው። ከደስታዬ ብዛት ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሰው ግን ማን ይየኝ። ስፌቱ ደግሞ ዞሮ መጣ፤ ደግሞ «ጓ» ብሎ አለፈ። ካቦው ሰዓት እየቆጠረ ይመላለሳል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እስክትል ድረስ ቀበቶው ዞረ፤ አልተቀደደም፣ ሮለሮቹም እንደታጠቡ ቆዩ። መጨረሻ ላይ ካቦው ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ።

ያኔ ሽሙጤ ወጣች። የምትፍቅበትን እንጨት በስምንት ጣቷ ይዛ ጉልበቷ ላይ ሰበረችው። ሁለቱን ስባሪ ጣለችና «ባለ ምላሱ!» አለች። ሌላዋም እንጨቷን ሰብራ «ባለ ምላሱ!» አለች። ከዚያ ሁሉም ያዙት፤ እያጨበጨቡ ባለ ምላሱ፣ ባለ ምላሱ ይሉ ጀመር። እኔ ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ሮጬ መሀላቸው ገባሁና ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣

«አባቴን አትስደቡት!» አልኩ።

ጭብጨባው ጸጥ አለ። ከዚያ ሳቃቸው እንደ ውኃ ወረደብኝ። ሽሙጤ ብድግ አድርጋ አቀፈችኝ፤ የትምህርት ቤት ልብሴ በጭቃ ተበላሸ። አንገቴ ሥር ገብታ እያለቀሰች ነው፤ እኔ ግን የምትስቅብኝ መሰለኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ስድብ አይደለም የኔ እናት፣ ስድብ አይደለም» አለችኝ። አላመንኳትም።

ካቦው አባቴ ይናገር አለ። ክፉ አስቦ አልነበረም፤ እንዲያው ደስ ብሎት ነው። አባቴ መሀል ቆሞ ወደ ሴቶቹ ዞረ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ከንፈሩ ገጠመ። የመጣችው «መ» ነበረች። ምን ሊል እንደፈለገ ማንም አላወቀም፤ በኋላም ብንጠይቀው ረስቼዋለሁ አለ። «ም… ም…» ብሎ ቆመ። የቀበቶው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ። ለመሳቅ የሚጠብቁ መስሎኝ ፊቴን ሽሙጤ ትከሻ ውስጥ ቀበርኩ። ዛሬ ያን ዝምታ ሳስታውስ፣ ሰው ለሰው ሊሰጥ ከሚችለው ነገር ትልቁን እንደሰጡት ይገባኛል። ጠበቁት። አንድም ሰው ቃሉን ቀድሞ ሊያወጣለት አልሞከረም።

አባቴ ቃሉን ተወው። ለቀቅ አድርጎ፣ ወደኋላ ብሎ፣ በሌላ መንገድ መጣ። ሁለት እጁን ወደፊት ዘረጋና መዳፉን ገልብጦ አሳየ። ሰዎቹ ግራ ገባቸው። ዕቃ የሚጠይቅ መስሏቸው ወዲያ ወዲህ አዩ። የገባት እናቴ ናት። እንጨቷን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደችና ሁለት እጇን ዘረጋችለት። አባቴ ጭቃ የያዘውን ጣቷን አንድ በአንድ አገላብጦ አየ።

«አለፍሽ» አላት።

ከኋላዋ ሌላዋ ሴት መጥታ ዘረጋች። ከዚያ ሌላዋ። ሽሙጤ እኔን አውርዳ ተሰለፈች። አባቴ የሁሉንም እጅ እየያዘ፣ እያየ፣ «አለፍሽ፣ አለፍሽ» እያለ ሰልፉን ጨረሰ። ምን ማለቱ እንደሆነ እናቴ ልትነግራቸው አላስፈለገም፤ ሁሉም ያለቅሱ ነበር።

እኔ ደግሞ በእፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። የነዚያ ሴቶች እጅ እኮ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። ጥፍራቸው አይታይም። በኛ ትምህርት ቤት ሕግ አንዷም ልታልፍ አይገባትም ነበር። አባቴ ይህን የሚያህል ሰው ፊት ሕጉን ጥሶ ሁሉንም አሳለፋቸው። ሰኞ አስተማሪያችን ብትሰማ ጉድ ይፈላል ብዬ ለማንም ሳልናገር ቆየሁ።

አባቴ እዚያ አላቆመም። ቀበቶው ዳር ዳሩን ገመድ ዘርግቶ፣ የትም ቦታ ያለ ሰው ቢጎትተው ማሽኑ ቀጥ እንዲል አደረገ። ሮለሮቹ ጫፍ ላይ የሽቦ ከለላ ሠራ። መሐንዲሱ ስዕሉን ይዞ ወደ ሌሎች ፋብሪካዎች ሄደ፤ የኖራውም የጨውም ፋብሪካ ወሰደው። በየሄደበት የማን ሥራ ነው ሲሉት የአባቴን ስም ይናገር ነበር፤ ለሱም ምስጋናዬ ብዙ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ መጽሐፍ ላይ፣ ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ምላስ ቀደም ብለው ሠርተውት እንደነበር አነበብኩ። ለአባቴ ብነግረው ደስ አለው። «እነሱም ሚ… ሚ… ሚስት አላቸው ለካ» አለኝ። አባቴ ለዓለም ሁለተኛ ይሁን መቶኛ አላውቅም። ለእናቴ እጅ ግን የመጀመሪያው እሱ ነው።

ዛሬ ገበያ አዳራሽ ገብቼ ዕቃዬን ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ባለችው ትንሽ ቀበቶ ላይ ሳስቀምጥ፣ ጎንበስ ብዬ ሥሯን ሳላይ አላልፍም። ልጆቼ በኔ ያፍራሉ። ማፈር ከዘር ይወረሳል መሰለኝ።

አባቴ ታሞ በተኛበት ሰሞን እናቴ ጋ መጥቼ ሰነበትኩ። ድምፁ ደክሞ ስለነበር ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን በር ተንኳኳ። ሽሙጤ ናት፤ በትር ይዛለች። ከኋላዋ እነዚያ ሴቶች አሉ፤ ግማሾቹ በልጆቻቸው ተደግፈው። ገብተው አልጋው ዙሪያ ቆሙ። የታመመ ሰው ጋ የሚባለውን ሁሉ የሚሉ መስሎኝ ወንበር ፍለጋ ወጣሁ። ስመለስ ማንም አልተቀመጠም። ሁሉም እጃቸውን ዘርግተዋል።

የተጨማደዱ፣ ያበጡ፣ የደም ሥራቸው የወጣ እጆች ናቸው። አንዷ እንጀራዋን በልብስ ስፌት አግኝታለች፤ ሌላዋ የልጅ ልጆቿን በነዚያ እጆች አጥባለች፤ አንዷ ቤቷን ራሷ ለስናለች። አባቴ ከትራሱ ቀና ብሎ አንድ በአንድ ይይዛቸዋል፣ ያገላብጣቸዋል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። እኔ ወንበር እንደያዝኩ በሩ ላይ ቀረሁ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባኝ። ሳፋው፣ በረንዳው፣ ሰልፉ፣ ጭቃው፤ ባለ ምላሱ የሚለውም ስም። ከዚያ ስም የበለጠ የክብር ስም አባቴ አልነበረውም።

ሽሙጤ የመጨረሻዋ ነበረች። ስምንት ጣቷን ዘረጋች።

«እኔ እንኳ ወድቄያለሁ» አለች። «የሄዱት ካንተ በፊት የሄዱ ናቸው፤ ምን ታደርግ። የቀሩት ግን ያንተ ናቸው።»

አባቴ እጇን ለረጅም ጊዜ ያዘው። ሁለቱ ጣቶች የነበሩበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ያ የደከመው ድምፅ፣ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ፣ «አለፍሽ» አላት።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን ቆየ። አንድ ማለዳ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ እናቴ ከክፍሉ ወጣች። ሁለት እጇን በልብሷ እያደረቀች ነበር፤ ፊቱን ስታጥበው ነው የነበረችው።

«አባትሽ አለፈ» አለችኝ።

ትልቅ ሴት ነኝ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ነገር ግን ጆሮዬ መጀመሪያ የሰማው የድሮውን ነው። ተነሳሁና እርጥቡን እጇን በሁለት እጄ ያዝኩት። ወደ ብርሃኑ አዙሬ ጣቶቿን አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም አሉ።

«አዎ እማዬ» አልኳት፤ «አልፏል።»